ስብሰባው ገና አልተዘጋም፦ ስለ ጥቁሩ ማሳ ለ«ሕያው አፈር» ጥምረት

ለተከበሩ ዶክተር ዲደሪክ ፋን ዌሰም
የ«ሕያው አፈር» የኢንዱስትሪና የምርምር ጥምረት ዋና ዳይሬክተር
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ባልደረቦችዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ለመሆኑ ወገብዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለፈው መጋቢት በጥቁሩ ማሳችን ላይ፣ በዚያ ፊት በሚቆርጥ ነፋስ፣ በብር የተለበጠችውን አካፋ መሬት እንዳያስነኳት ተከልክለው፣ መልሰው እንዳያስቀምጧት ደግሞ ካሜራ ተደግኖብዎ፣ ጎንበስ እንዳሉ የቆዩበት ሁኔታ ከዐይኔ ሊጠፋ አልቻለም። በእርስዎና በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው እንደዚያ ሆኖ መቆየት እንደማይበጀው ከራሴ ወገብ አውቃለሁና፣ ምሕረቱን ያውርድልዎ።

እኔ ላመርት ቲንገን እባላለሁ። የኤልደርሎ መንደር ነዋሪ ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በመላው የድሬንተ ክፍለ ሀገር የምትዞረውን የተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ፣ ማንም ያልተዋሳቸውን መጻሕፍት በየፌርማታው እያነበብኩ ስላረጀሁ፣ ስለ ብዙ ነገር ጥቂት ጥቂት አውቃለሁ፤ ይህም ጥምረትዎ ከሚያወጣቸው መግለጫዎች ጋር በእጅጉ ያመሳስለኛል። ዛሬ የመንደራችን የጋራ መሬት ማኅበር ቀንድ ነፊ ነኝ። በጥሪ ወረቀትዎ ላይ «የአካባቢው ባህላዊ ሙዚቀኛ» ተብዬ የተጠቀስኩት ሰው ማለት ነኝ። ለሹመቱ ከልብ አመሰግናለሁ፤ በመንደሬ እስካሁን ሙዚቀኛ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም፤ ዝም በል ያሉኝ ግን አሉ።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ። በግል የጻፍኩልዎ ሁሉ «ድምፅዎ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው» የሚል መልስ ገና የመላኪያውን ቁልፍ ሳልለቅ ያስገኝልኝ ስለነበር፣ እንዲህ ያለውን ፈጣን መስተንግዶ ሌላውም ሕዝብ እንዲያውቀው ፈልጌ ነው።

ጋዜጣውን ባቡር ላይ ለሚያነቡ፣ መንደራችንን ለማያውቁ ሰዎች ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ከቤቶቻችን ጀርባ ያለው የጋራ እርሻችን ከዙሪያው ከፍ ብሎ የተኛ ነው። ከፍ ያደረገው ተፈጥሮ አይደለም፤ ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ከሜዳው ሣሩን ከነሥሩ እየላጡ፣ በበጎች ጋጣ እያነጠፉ፣ ከፋንድያው ጋር እያወጡ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲደፉበት ስለኖሩ ነው። ጥቁሩ ማሳ የዚህ እርሻ ጫፍ ነው። ሰው ወገቡ ድረስ ቢቆፍር የሚያገኘው ያንኑ ጥቁር አፈር ነው። መድኃኒት ተረጭቶበት አያውቅም፤ ይህንም ያደረግነው ለተፈጥሮ ተቆርቁረን ሳይሆን፣ የመርጫው ትራክተር በጠባቧ መግቢያ ስለማያልፍ ነው። በኋላ ግን እርስዎ «ባለራእይ የአካባቢ ጠባቂዎች» ብለው በቪዲዮ ሲያወድሱን፣ ስለ መግቢያዋ ጥበት ማንሳት ነውር መስሎን ዝም ብለናል።

በዚህ ማሳ ላይ ማንኪያና ትንንሽ ብልቃጥ ይዛ የመጣችው የእርስዎው ተመራማሪ ዶክተር ፌምከ ዋልዳ ነች። ማሳውን የምታርሰው ጎረቤቴ ሩሊ ኻደርስ መጀመሪያ ያየቻት ቀን «አንቺ ልጅ፣ የጠፋብሽ ቀለበት ነው?» ብላታለች። ፌምከ የፈለገችው በባቄላ ሥር ላይ እንደ ዶቃ እብጠት ሠርቶ የሚኖረውን ባክቴሪያ ነበር፤ ከአየር ላይ ናይትሮጅን እየያዘ ለባቄላው የሚያቀርበውን። የእኛው፣ ዝናብ በጠፋበት ዓመት እንኳ ሥራ የማያቆም ሆኖ ተገኘ። ማዳበሪያ ከፋብሪካ መግዛት ላቃተው ገበሬ፣ ማዳበሪያ ወንዙን ላበላሸበትም አገር፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ልዩነት የለኝም፤ በደብዳቤው ውስጥ የማልቀልድበት አንዱ ቦታም ይኸው ነው። ሩሊ ዜናውን ስትሰማ «እኔ ደግሞ ባቄላው በኔ ልፋት የሚያድግ መስሎኝ!» አለች። ፌምከም «አንቺም ረድተሻል» አለቻት።

አንድ ችግር ግን ነበር፤ ፌምከ ራሷ በወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ያስረዳችኝ። ባክቴሪያው በማባዣ ጋን ውስጥ ስኳር እየተቀለበ ትውልድ በትውልድ ላይ ሲራባ ይሰንፋል፤ ባቄላን ማገልገል እየረሳ ይሄዳል። «ሲጠግብ ሥራ ይተዋል» አለች፤ «ያኔ እንደገና እዚህ መጥቼ እቆፍራለሁ፤ ከዚህ ማሳ በቀር የማገኝበት ቦታ የለም።» ሩሊ ቡናዋን አስቀምጣ «ይኸ ነገር ከአለቆችሽ የተጋባበት ነው» ብትልም፣ ፌምከ ለጥምረቱ ካላት ታማኝነት የተነሣ ሳቋን ውጣዋለች።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ፤ አንባቢ እንዳይደክም ብዬ ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ።

አንደኛ፣ የማባዣ ጋኖቹ የሚቆሙበትን ባለ መስታወት «የሕያው አፈር ማዕከል» ለመገንባት ከመላው የኔዘርላንድ መሬት ጥቁሩን ማሳ መምረጥዎ ነው። ምክንያቱን ሲጠየቁ «ለምንጩ ቅርብ እንዲሆን» ብለዋል። በእርግጥም ከዚህ የበለጠ መቅረብ አይቻልም፤ ለመሠረቱ ሲባል ጥቁሩ አፈር እስከ ሥሩ ድረስ ተዝቆ ይወጣልና። አፈሩ እንደማይጠፋ፣ ይልቁንም ከፊሉ በእንግዳ መቀበያው አዳራሽ ከሥር መብራት በሚበራበት የመስታወት ዐምድ ውስጥ እንደሚቀመጥ ሲያስረዱን፣ ከመካከላችን አንዳንዶቹ በአስከሬን ሣጥን የተሰናበቱት ሟች አጎታቸው ትዝ ብሏቸው ኮፍያቸውን አውልቀዋል። ማኅበራችን ከእርስዎ ጋር የተፈራረመው መሬቱ ለ«ምርምርና ከዚሁ ጋር ለተያያዙ ተግባራት» እንዲያገለግል ነበር። እኛ «የተያያዙ ተግባራት» ሲባል የማንኪያዋ ማጠቢያ ባልዲ መስሎን ነበር፤ የመኪና ማቆሚያም እንደሚጨምር ስላስተማሩን ባለውለታዎ ነን።

ሁለተኛ፣ በመንደሩ አዳራሽ ያዘጋጁልን የምክክር ምሽት ነው። የአተር ሾርባው ጥሩ ነበር፤ ይህን አለመናገር ግፍ ይሆናል። በግድግዳው ላይ ሥዕሎች ተሰቅለው፣ ለእያንዳንዳችን አረንጓዴ ክብ ተለጣፊ ታድሎን፣ የወደድነው ላይ እንድንለጥፍ ተጋበዝን። ሩሊ የመድረክ መሪዋን ልጅ «ያልወደድነውስ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ቀይ አላመጣንም» አለች ልጅቷ፤ «ቀይ ውይይትን ይዘጋል።»

«እሺ፣ አልለጥፍም ብልስ?»

«ምንም ችግር የለም፤ እሱ እንደ ገለልተኛ ይቆጠራል።»

እዚህ ላይ ስሕተቱ የእኛ መሆኑን በግልጽ አምናለሁ። በእኛ መንደር ሰው የተሰጠውን ነገር ሳይጠቀምበት አይጥልም፤ ስጦታ የተጠቀለለበት ወረቀት እንኳ ታጥፎ በመሳቢያ ይቀመጣል። አረንጓዴ ተለጣፊ በእጃችን ይዘን ወደ ቤት መሄድ ስለከበደን፣ ያገኘነው ላይ ሁሉ ለጠፍን፦ የምድር ትሉ ሥዕል ላይ፣ የፌምከ ፎቶ ላይ፣ የሾርባው ድስት ክዳን ላይ። ጎረቤታችን ሃርም የራሱን የለጠፈው መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ነው፤ ሲጠየቅም «እውነት ነዋ፣ ንጹሕ ነው» ብሏል። በማግሥቱ ባወጡት መግለጫ «ከባለድርሻ አካላት ጋር ሰፊ ውይይት ተደርጎ፣ በከፍተኛ ድጋፍ የጋራ መግባባት ላይ ተደርሷል» የሚል አነበብን። የድስቱ ክዳን ከባለድርሻ አካላት አንዱ መሆኑን ቀደም ብለን ብናውቅ ኖሮ ወንበር እናቀርብለት ነበር።

ሦስተኛ፣ ዶክተር ፌምከ ሕንፃው ምንጩን እንደሚያጠፋ ለእርስዎ በቃልም በጽሑፍም ካስረዳች በኋላ፣ በመሠረት ድንጋዩ በዓል ላይ ከተናጋሪዎች መካከል ስሟ አለመኖሩ ነው። በዚያ በዓል ስለ ባክቴሪያው የባንክ ሰው ተናገረ፣ የማስታወቂያ ሰው ተናገረ፣ እርስዎም ተናገሩ። ባክቴሪያውን አይታው የምታውቀው ብቻ ኮት ጠባቂው አጠገብ ቆማ አዳመጠች። ይህን ቅሬታ አላራዝመውም፤ ሳራዝመው አክብሮቴ እየቀነሰ እንደሚሄድ አስተውያለሁ።

አራተኛው ቅሬታ አይደለም፤ ምስጋና ነው።

ጸሐፊዎ በስልክ ደውላ በበዓሉ ላይ ቀንዱን እንድነፋላችሁ በጨዋ አንደበት ለምናኛለች። ይህ የበሬ ቀንድ ቅድመ አያቶቻችንን ለሥራና ለምክር ሲጠራ የኖረ፣ ዛሬም የማኅበራችን ስብሰባ ያለ እሱ የማይከፈት መሆኑን ነገርኳት።

«እንዴት ደስ ይላል!» አለች፤ «ስንት ጊዜ ነው የሚነፉልን፣ አቶ ቲንገን?»

«እንደ ፍላጎታችሁ ነው፤ አንዴ ከሆነ ሰላምታ ነው፤ ሦስቴ ከሆነ ስብሰባ ነው።»

«ውይ፣ አንዴማ ለቪዲዮው አይበቃም። ሦስቴ ይሁንልን!»

«ልጄ፣ ሦስቴ ማለት ስብሰባ ማለት ነው እኮ።»

«ገብቶኛል፣ ገብቶኛል፤ ዳይሬክተሩም ባህል ይወዳሉ። ሦስቴ!»

ሁለተኛ ቀንም ደውዬ ደግሜ ጠየቅኋት፤ ሰው ወጣት ሆኖ ሲቸኩል ማስቸገር ስለማልወድ ሦስተኛ አልደወልኩም። እንግዲህ በበዓሉ ቀን፣ እርስዎ የብሩን አካፋ ከፍ እንዳደረጉ፣ በታዘዝኩት መሠረት ሦስት ጊዜ ነፋሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያውቁታል። የመንደሩ ሰው ሁሉ የወጥ ቤቱን ወንበር እየተሸከመ ከየቤቱ ወጣ። ሩሊ አጠገቤ ስትደርስ «ላመርት፣ የምርህን ነው?» አለችኝ። «ሦስቴ ንፋ ተብዬ ነው» አልኳት። «በል ወንበሬን ያዝልኝ» ብላ ወደ እርስዎ ተራመደች፤ ለእርስዎም ያለችው ይህን ብቻ ነበር፦ «ጌታዬ፣ እቺን አካፋ ከመሬቱ ያርቋት፤ ስብሰባ ላይ ነን።»

ስብሰባችን የሚከፈተው ቀንዱ በተነፋበት መሬት ላይ ነው፤ እስኪዘጋም ድረስ ውይይት በሚደረግበት መሬት ላይ ብረት አይገባም፤ አካፋ ቢሆን፣ ማረሻ ቢሆን፣ የእርስዎ ቢጫ ቆፋሪ መኪናም ቢሆን። ምክንያቱም ሰው ገና እየተማከረ ሳለ አንዱ እየቆፈረ ቢቆየው ምክሩ ምን ይሠራል? ይህን ደንብ ያወጡት ሰዎች እርስዎን ሳያውቁዎት እንዴት እንደገመቱዎ ይገርመኛል። ከሁላችንም ይልቅ ግን የሚያስመሰግንዎ፣ በስምምነታችን መጨረሻ ላይ «የማኅበሩ ደንብና ልማድ የተከበረ ይሆናል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ያስገቡት እርስዎ ራስዎ መሆንዎ ነው። ለባህል ያለዎትን ፍቅር ለማሳየት ጥሩ ነው ብለው ነበር፤ በእውነትም ጥሩ ነው። ጠበቃዎ እዚያው ቆሞ በስልኩ ሲያነበው ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ከአክብሮት በቀር ሌላ ስም የለውም።

እርስዎ «ይህ ስብሰባ መቼ ነው የሚያልቀው?» ብለው ሩሊን ሲጠይቋት «ሲያልቅ» ብላ የመለሰችልዎ ንቀት እንዳይመስልዎ፤ ደንቡ ከዚህ አስፋፍቶ አልጻፈውም። በዚያው ቅጽበት ዶክተር ፌምከ ከክብር እንግዶች ድንኳን ታጣፊ ወንበር አንሥታ ስትወጣ፣ ከእናንተ ወገን አንዱ «ፌምከ፣ ወዴት ነው?» ብሎ ሲጠራት፣ «ስብሰባ አለብኝ» ብላ ከሩሊ ኋላ ሄዳ ተቀመጠች። አጨበጨብን ማለት አልችልም፤ በእኛ መንደር ለሰው አይጨበጨብም። ሃርም ግን ይዞት ከመጣው የዘቢብ ዳቦ ላይ ወፈር ያለውን ቁራጭ አቀበላት።

ስብሰባው እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ለእራት እንበተናለን፤ ለእንቅልፍ እንበተናለን፤ ቀንዱ ግን የመዝጊያውን ረጅም ድምፅ አላሰማም። አጀንዳ የምንይዘው በተነሣበት ቅደም ተከተል ነው፤ የእርስዎ ሕንፃ መጨረሻ ላይ ተይዟል። የመጀመሪያው አጀንዳ የሃርም ዝይዎች የሩሊን ጎመን መብላታቸው ነው፤ ሃርምም ዝይዎቹን በጥልቀት የመከላከል መብቱን እየተጠቀመበት ይገኛል።

ብረት አይገባም ማለት ደግሞ እጅ አይገባም ማለት አይደለም። በሚያዝያ ጥቁሩ ማሳ ላይ በእንጨት ችካል እየወጋን ባቄላ ዘራን፤ ማሳው ትልቅ አይደለም፤ ሰዉ ግን ብዙ ነበር። ፌምከ የብረት ማንኪያዋን ትታ ከሩሊ ወጥ ቤት በተዋሰችው የእንጨት ማማሰያ ትቆፍራለች። ባለፈው ሳምንት አንድ ባቄላ ከነሥሩ ነቅላ፣ ሥሩ ላይ ካለው እብጠት አንዱን በጥፍሯ ሰንጥቃ አሳየችን፤ ውስጡ እንደ ሥጋ ሮዝ ነው። ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያው ሥራ ላይ ነው፤ ቀለሙ የሚመጣውም ልክ እንደ ደማችን ከብረት ነው አለችን። ሩሊ ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ፣ «እንግዲያው ደንብ የጣሰው እሱ ነው» አለች፤ «ለእሱ ይፈቀድለት።» በጉዳዩ ላይ ማንም አልተቃወመም። ከመጋቢት ወዲህ ይህ ስብሰባ በሙሉ ድምፅ ያሳለፈው ውሳኔ ይህ ብቻ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ምርምርና ኢንዱስትሪ ተሳሰሩ ሲባል እሰየው ያልን ሰዎች ነን። ጋኖችዎንም አንጠላም። በመንገዱ ዳር የተዘጋው የድሮ የወተት ማኅበር ፋብሪካ አለ፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ የውሃ መውረጃ አለው፣ የጭነት መኪና ይገባዋል፣ ቁልፉም በሃርም እጅ ነው። ጋኖቹ እዚያ ይቁሙ፤ ባክቴሪያው ጋኑ ውስጥ በሰነፈ ቁጥር ፌምከ ማማሰያዋን ይዛ ትምጣ፤ ጥቁሩ ማሳ እስካለ ድረስ ያልሰነፈውን ታገኛለች። ማዳበሪያ ያልቻለው ገበሬም የሚፈልገው ይህንኑ እንጂ የመስታወት ሕንፃችሁን አይደለም። ይህን ሐሳብ ስናቀርብልዎ፣ የወተት ፋብሪካው «ከጥምረቱ ገጽታ ጋር አይሄድም» ብለው መልሰዋል። እውነት ነው፤ ፋብሪካው ለሥራ የሚጠቅም ቦታ ነው።

ስለዚህ በትሕትና ግን በማያሻማ ቋንቋ የማሳውቅዎ፦ ጥቁሩን ማሳ አንለቅም። ስብሰባውንም አንዘጋም። ከአረንጓዴ ተለጣፊ ሌላ የሚታደል ነገር ካለ አዳራሹ ክፍት ነው፤ ሾርባም ካለ እንመጣለን፤ ወደ ማሳው ለመምጣት የፈለጉ ዕለት ግን ሩሊ ለእርስዎ የሚሆን ወንበር ከሰገነት አውርዳ አጥባ ከባቄላው ዳር አቁማልዎታለች። ጀርባ አለው፤ ለወገብዎ ተብሎ የተመረጠ ነው። መጥተው ይቀመጡበት፤ ተራዎ ሲደርስ እንደማንኛውም ሰው ይናገራሉ። ከዝይዎቹ ቀጥሎ ያለውን አጀንዳ ከእርስዎ ሕንፃ ጋር ብንለዋወጥ ማኅበሩ የሚከፋው አይመስለኝም።

የእርስዎን ሰፊ ራእይ ከጠባቧ መግቢያችን ማዶ ሆኜ በአድናቆት የምመለከት፣ በትእዛዝዎ መሠረት ሦስት ጊዜ የነፋሁ፣ እስካሁንም ትንፋሽ ያለኝ፣ ታዛዥ አገልጋይዎ፣

ላመርት ቲንገን
የኤልደርሎ የጋራ መሬት ማኅበር ቀንድ ነፊ፣ የአካባቢው ባህላዊ ሙዚቀኛ
ከጥቁሩ ማሳ፣ ስብሰባ ላይ

ማስታወሻ፦ ቀንዱን ከተማ በሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤትዎ እንግዳ መቀበያ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ለማሳየት እንድናውስዎ በጸሐፊዎ በኩል ያቀረቡት ጥያቄ ደርሶናል። ማኅበሩ መክሮበት በደስታ ተስማምቷል፤ ማዋስ ባህላችን ነው። እባክዎ የሣጥኑን ቁልፍ ብቻ አደራ። ከእንግዶችዎ አንዱ ለቪዲዮ ሲል ሦስት ጊዜ የነፋበት እንደሆነ፣ ስብሰባ የሚከፈተው ቀንዱ በተነፋበት መሬት ላይ ስለሆነ፣ መምጣታችን ግድ ነው። ወንበር ማዘጋጀት ግን አያስፈልግዎትም፤ ይዘን እንመጣለን።